የተማሩት ኮርስ የማን ንብረት ነው?

በግቢያችን ውስጥ አንዲት አጭር ቃል ሰውን ለማዋረድ በቂ ሆናለች። እገሌ ዲግሪውን ያዘ ሲባል፣ ከመካከላችን አንዱ ከንፈሩን ገልበጥ አድርጎ «የርቀት ነው እኮ!» ይላል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ምን ተማረ? ማን ፈተነው? ምን ያውቃል? ብሎ የሚጠይቅ የለም። በየትኛው በር እንደ ገባ ከታወቀ ዘንድ ሰውዬውን መመርመር አያሻም ማለት ነው። ይህ የባላባት ልማድ እንጂ የተማሪ ልማድ አይደለም። የዘር ሐረግ መቁጠር ቀረ ብለን ስንደሰት በትራንስክሪፕት በኩል ተመልሶ መጣብን።

እኛ የምንለው እንዲህ ነው። ተማሪ ተምሮና ተፈትኖ ያለፈው ኮርስ የተማሪው ንብረት ነው። የዲኑ አይደለም፤ የሬጅስትራሩ አይደለም፤ የሕንፃውም አይደለም። ተማሪው ከአንዱ ዩኒቨርሲቲ ወደ ሌላው ሲዛወር፣ ከመደበኛው ወደ ማታው ወይም ወደ ርቀቱ ሲያልፍ፣ ትምህርቱን አቋርጦ ከአምስት ዓመት በኋላ ሲመለስ፣ ንብረቱ አብሮት መሄድ አለበት። ዛሬ ግን ብዙ ጊዜ አብሮት አይሄድም፤ በር ላይ ይወረሳል። አንድ ገበሬ ከወረዳ ወደ ወረዳ ሲሻገር በሬዎቹን ኬላ ላይ አስረክቦ፣ እንደ ገና ጥጃ ከመግዛት እንዲጀምር ቢታዘዝ ምን እንላለን? ግፍ ነው አንልምን?

ነገሩን ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ እንመልከተው። ለምን ቢሉ፣ ይህ አገር ዩኒቨርሲቲ ከሰው እንዴት እንደሚርቅም፣ ርቀት እንዴት እንደሚሸነፍም ያሳያልና።

ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ ከጉና ሥር አልፎ፣ በነፋስ መውጫና በጨጨሆ አድርጎ ወደ ጋሸናና ወደ ወልድያ የሚዘልቀው መንገድ ላይ ጋይንትን ያገኘዋል። ከዚያ መንገድ ወደ ደቡብ የታጠፈ ሰው ግን ሌላ አገር ይገባል። የታች ጋይንቷ አርብ ገበያ፣ የስማዳዋ ወገዳ፣ በስተ ምዕራብ ደግሞ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ አሉ። ከእነዚህ ከተሞች ወዲያ መሬቱ እየተቆራረጠ እስከ በሽሎና እስከ ዓባይ ቆላ ድረስ ይወርዳል። ላይ ጋይንት፣ ታች ጋይንትና ስማዳ ለረዥም ዘመን በሴፍቲ ኔት ሲታገዙ የኖሩ ወረዳዎች ናቸው። በዕርዳታ እህል ክረምቱን የሚሻገር ቤተሰብ ልጁን ባሕር ዳር ወይም ጎንደር ቤት ተከራይቶ እንዲያስተምር መምከር፣ ለተራበ ሰው ስለ ሥጋ አጠባበስ እንደ ማስረዳት ይቆጠራል።

አሁን በስማዳ ቆላ የሚያስተምር አንድ መምህር በሐሳባችን እንውሰድ። ስም አንሰጠውም፤ እያንዳንዳችሁ አንድ ታውቃላችሁና። በ10+3 ዲፕሎማ ሥራ ይዞ አሥራ ሁለት ዓመት አስተምሯል። ያስተማራቸው ልጆች ዛሬ ከእኛ ጋር እዚህ ግቢ ውስጥ ተቀምጠው «የርቀት ነው እኮ!» ይላሉ። እርሱ ዲግሪ ለማግኘት ያለው ዕድል ክረምቱ ነው። ሐምሌ ሲገባ፣ ማለት ማሳው እጅ በሚፈልግበት በዚያው ሰዓት፣ ልጆቹንና ሚስቱን ትቶ ወደ ከተማ ይወጣል። አራትና አምስት ክረምት እንዲህ ይመላለሳል። ሁለቱን ክረምት ከተማረ በኋላ በአገሩ ጸጥታ ይደፈርስና መንገድ ይዘጋል። በሦስተኛው ዓመት ወደ እስቴ ይዛወራል። ለመምህሩ አሁን የሚቀርበው ሌላ ተቋም ነው። ሄዶ ያለፋቸውን ኮርሶች የያዘ ወረቀቱን ዘርግቶ ሲያሳይ የሚሰጠው መልስ አንድ ነው፤ «እንደ አዲስ ተመዝገብ።»

እንደ አዲስ! ሰውዬው ሥነ ልቡና ተምሮ «ኤ» ያገኘ ነው። ሥነ ልቡናው ከወገዳ መካነ ኢየሱስ ሲደርስ ተነነ እንዴ? የሒሳብ ስሌቱስ ወንዝ ሲሻገር ይለወጣል?

እዚህ ላይ ጋይንት ራሷ መልስ አላት። በጋይንት ምድር ቤተ ልሔም የምትባል ደብር አለች። የቤተ ክህነትን ትምህርት የሚያውቅ ሁሉ ስሟን ያውቃል፤ የድጓ ማስመስከሪያ ናትና። የቅዱስ ያሬድን ድጓ ተማሪው በፈለገው አገር ይማራል። ጎጃም ይማር፣ ወሎ ይማር፣ ትግራይ ይማር፣ ሸዋ ይማር፣ ማንም አይከለክለውም። ከየኔታው እግር ሥር ቁጭ ብሎ ዓመታት ያሳልፋል፤ ድጓውንም በገዛ እጁ ብራና ላይ ይጽፋል። የድጓ መምህር ነኝ ለማለት ሲፈልግ ግን ወደ ቤተ ልሔም ይመጣል። እዚያ ያሉት መምህር አገርህ የት ነው፣ ስንት ዓመት የት ተቀመጥህ፣ የማን ደብር አስተማረህ ብለው በር ላይ አይመልሱትም። ፊደል ቁጠር፣ ዳዊት ድገም ብለው ወደ መጀመሪያውም አይሰዱትም። በል አዚም ይሉታል፤ የጻፈውን ያያሉ፤ ዜማው ከተሰበረ ያቀናሉ፤ ምልክቱ ከሳተ ያርማሉ። እስኪስተካከል ድረስ ወር ይሁን ዓመት ይቆያል። ሲስተካከል ይመሰከርለታል፤ ከዚያ ወዲያ በአገሩ ሁሉ የድጓ መምህር ነው። ዝማሬ መዋሥዕትም በዚያው አገር በዙር አባ እንዲሁ ይመሰከራል።

እንግዲህ ይህ ምንድን ነው? እኛ በፈረንጅ ቃል «ክሬዲት ትራንስፈር» እያልን በወርክሾፕ ብዛት የምንደክምበት ነገር አይደለምን? የአብነት ተማሪ ቅኔውን ከጎጃም፣ ድጓውን ከቤተ ልሔም፣ አቋቋሙን ከጎንደር፣ መጻሕፍቱን ደግሞ ከሌላ ጉባኤ ቤት አሰባስቦ አንድ ሊቅ ይሆናል። ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሄድ የተማረው አይወረስበትም። ልብ በሉ፤ ቤተ ልሔም ልል አይደለችም። በጣም ጥብቅ ናት። ጥብቅነቷ ግን ባወቀው ላይ እንጂ በመጣበት መንገድ ላይ አይደለም። የእኛ ዩኒቨርሲቲዎች ግን ይህን ገልብጠውታል፤ በመጣበት ላይ ይጠብቃሉ፣ ባወቀው ላይ ይላላሉ።

አንድ የተከበሩ መምህር ይህን ሐሳብ ሲሰሙ ምን እንደሚሉ ከወዲሁ እናውቃለን። «ድጓ አንድ መጽሐፍ ነው፤ በየትም አገር ያው ነው። የዩኒቨርሲቲ ካሪኩለም ግን ይለያያል» ይላሉ። በደኅና ጊዜ ይህ ጥሩ ክርክር በሆነ ነበር። ዳሩ ግን ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎቻችን አብዛኛው ትምህርት በአንድ የተስማማ ካሪኩለም ይመራል ተብሎ ስንት ዓመት ተነገረን? ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ የባችለር ዲግሪ ወደ አራት ዓመት ሲመለስ፣ የአንደኛ ዓመቱ የጋራ ኮርስ ሁሉ ለአገሩ በሙሉ በአንድ ሞጁል እንዲሰጥ ሆኗል። የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ጂኦግራፊ፣ አንትሮፖሎጂ፣ አጠቃላይ ሥነ ልቡና፣ ኮሚዩኒኬቲቭ ኢንግሊሽ፣ እነዚህን ሁሉ ጅማ ላይ የሚማርም ደብረ ታቦር ላይ የሚማርም ከዚያው ሞጁል ነው የሚያነበው። የሽፋኑ አርማ ይለያይ ይሆናል። እንግዲህ ሞጁሉ አንድ ከሆነ፣ ድጓም አንድ ከሆነ፣ ክርክሩ የት ደረሰ? ሎጂክ የተማረን ሰው ሎጂክን ድገም ማለት ራሱ ሎጂክ ይጎድለዋል።

የሚያስቅ ነገር ደግሞ አለ። ከ2005 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ዩኒቨርሲቲዎቻችን ትምህርቱን በሞጁል አደራጅተው በአውሮፓውያን የክሬዲት መለኪያ ይቆጥሩ ጀመር። ያ መለኪያ እ.ኤ.አ. በ1989 አውሮፓውያን ተማሪዎቻቸው ከአገር አገር እየተዘዋወሩ እንዲማሩ ያወጡት ነው፤ ስሙም ሲተረጎም የአውሮፓ የክሬዲት ማዛወሪያና ማጠራቀሚያ ሥርዓት ይባላል። ማዛወሪያ! እኛ ስሙን ወሰድን፣ ቁጥሩን ወሰድን፣ ሠንጠረዡን ወሰድን፤ ማዛወሩን ግን ጉምሩክ ላይ ጥለነው መጣን። ፈረንጅ ለተማሪ እግር የሠራውን ጫማ እኛ ለሬጅስትራር መደርደሪያ ጌጥ አደረግነው። ከጥቂት ዓመት በኋላ ደግሞ ወደ ቀድሞው ክሬዲት አወር ተመለስን። በመሄድም በመመለስም መካከል ተማሪው ከቆመበት አልተንቀሳቀሰም።

ይህ ነገር የመዝገብ ቤት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ጽሑፍ ወረቀትና ቀለም ባላባከንን ነበር። ነገር ግን ያለፉትን ዓመታት አስቡ። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገባና ግቢዎች ሁሉ ተዘጉ። በዚያው ዓመት፣ ከወረርሽኙ በፊት፣ በየዩኒቨርሲቲው በነበረው የብሔር ግጭት ምክንያት ብዙ የክልላችን ተማሪዎች ነፍሳቸውን ለማዳን ጥለው ተመለሱ፤ ከደምቢ ዶሎ ሲመለሱ መንገድ ላይ የታገቱት እኅቶቻችንና ወንድሞቻችን ጉዳይ እስከ ዛሬ የእናቶች እንባ ነው። በሰላም የደረሱትም ቢሆኑ የሁለትና የሦስት ዓመት ትምህርታቸውን በእጃቸው ይዘው በየበሩ ደጅ ጠኑ። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ነፋስ መውጫ ለዘጠኝ ቀን ተይዛ በሴቶቿ ላይ የተፈጸመውን ግፍ ዓለም ሰምቶታል። ወልድያና ወሎ ዩኒቨርሲቲዎች በዚያው ጦርነት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋል። ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በክልላችን ሌላ ግጭት ተነሣና በየወረዳው ትምህርት ቤት ተዘግቶ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሕፃናት ከትምህርት ገበታ ቀሩ።

በእንዲህ ያለ አገር ውስጥ አራት ዓመት በአንድ ግቢ፣ በአንድ ወንበር፣ ሳይነቃነቁ ተምሮ መውጣት መደበኛ ነገር አይደለም፤ ዕድል ነው። የትምህርት ደንባችን ግን ይህን ዕድል እንደ ግዴታ ቆጥሮ የተጻፈ ነው። የተቋረጠበትን ተማሪ እንደ ጥፋተኛ ያየዋል። ጦርነት ያቋረጠበት፣ ወሊድ ያቋረጠባት፣ የአባት ሞት ያቋረጠበት ሁሉ ወደ ቁጥር አንድ ይመለሳል። በእስቴ አግብታ ሁለት ልጅ የወለደች፣ ሁለተኛ ዓመት ላይ ያቋረጠች ሴት እንደ ገና ከአንደኛ ዓመት ጀምሪ ብትባል ተመልሳ የምትመጣ ይመስላችኋል? አትመጣም። አለመምጣቷም በማንም ሪፖርት ላይ አይጻፍም።

አሁን ወደ ጥራት ክርክር እንምጣ፤ ተቃዋሚዎቻችን እውነት የያዙበት ቦታ ይህ ነውና በቸልታ ልናልፈው አይገባም።

የርቀት ትምህርት በአገራችን ስሙን ያጠፋው በጠላት ወሬ ብቻ አይደለም። በየከተማው ፎቅ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተው፣ ሰሌዳ ሰቅለው፣ የተቀዳ ሞጁል አድለው፣ ተማሪውን ለፈተና ቀን ብቻ የሚያውቁ ነጋዴዎች ነበሩ፤ አሉም። አሳይመንት ጽፎ የሚሸጥ ሌላ ነጋዴ ከጎናቸው ሱቅ ከፍቷል። በነሐሴ 2002 ዓ.ም. ትምህርት ሚኒስቴር ይህን ምክንያት አድርጎ የርቀት ትምህርትን በጅምላ አገደ፤ ለግል ተቋማትም ሕግና የመምህርነት ትምህርትን ማስተማር ከለከለ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ በድርድር እገዳው ላላ። የታገደው ነጋዴ ጠበቃ ነበረው፤ ማኅበር ነበረው፤ ተደራደረ። መሀል ላይ የቀረውን ተማሪ ግን የወከለው ማን ነበር? ሌባውን ለመያዝ ገበያውን በሙሉ መዝጋት ምን ዓይነት ፍርድ ነው?

ከዚያ ወዲህ አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል። በ2015 ዓ.ም. የመውጫ ፈተና ለሁሉም የባችለር ተመራቂ ግዴታ ሆነ። መደበኛው ቢሆን፣ ማታው ቢሆን፣ ርቀቱ ቢሆን፣ የመንግሥቱ ቢሆን፣ የግሉ ቢሆን፣ ሁሉም በአንድ ወንፊት ያልፋል። በመጀመሪያው ዙር ከመንግሥት ተቋማት ከተፈተኑት 62 በመቶ ያህሉ፣ ከግል ተቋማት ከተፈተኑት ደግሞ 17 በመቶ ያህሉ ብቻ አለፉ። ተቃዋሚዎቻችን ይህን 17 ቁጥር እንደ ሰንደቅ ዓላማ ያውለበልቡታል። እኛም አንሸሽገውም፤ የሚያሳፍር ቁጥር ነው። ግን በትክክል እናንብበው። አንደኛ ነገር፣ ከመንግሥት ግቢ፣ በመንግሥት ወጪ፣ በመምህር ፊት አራት ዓመት ቁጭ ብለው ከተማሩትም ከሦስቱ አንዱ በላይ ወድቋል፤ ስለዚህ ግቢ ውስጥ መቀመጥ ዕውቀትን አያረጋግጥም። ሁለተኛ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት ከአሥራ ሁለት ሺሕ በላይ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከእኛ ጋር አንድ ፈተና ተፈትነው አልፈዋል። በእነርሱ ላይ ከንፈር የሚገለብጥ ሰው ምን ማስረጃ ይዞ ነው? የወደቁትስ ቢሆኑ የወደቁት ርቀት ላይ ስለ ነበሩ ነው ወይስ አስተማሪ ስላላገኙ?

ዋናው ነገር ይህ ነው፤ የመውጫ ፈተና ከመጣ ወዲያ የቤተ ልሔም መምህር ተገኝቷል ማለት ነው። ደካማም ይሁን ብርቱ፣ በመጨረሻው በር ላይ የሚያዳምጥ አለ። የመጨረሻው በር ከተጠበቀ ዘንድ በመካከል ያሉትን ኬላዎች ሁሉ ማቆየት ለጥራት ሳይሆን ለምቾት ነው። ለማን ምቾት? የትራንስክሪፕት ማመሳከር ሥራ ለሚከብደው ቢሮ ምቾት።

የዓለም ልምድ ቢጠቀስ ባዕድ አምልኮ አይሆንብንም። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1969 ክፍት ዩኒቨርሲቲን አቋቁመው በ1971 የመጀመሪያዎቹን ተማሪዎች ሲቀበሉ የመግቢያ ማስረጃ አልጠየቁም፤ በፖስታ፣ በሬድዮና በቴሌቪዥን አስተማሩ፤ በሌላ ቦታ የተማሩትንም ቆጠሩላቸው። የዚያን ዩኒቨርሲቲ ዲግሪ ዛሬ የሚንቅ ሰው የለም። ሕንድም እ.ኤ.አ. በ1985 በኢንዲራ ጋንዲ ስም ተመሳሳዩን ከፈተች። ከሁሉም ግን ለተማሪ ኅብረት ሰው የሚጣፍጠው የኔልሰን ማንዴላ ታሪክ ነው። ማንዴላ እ.ኤ.አ. በ1940 ከፎርት ሄር ኮሌጅ የወጣው ስለ ምን ነበር? በተማሪዎች ምክር ቤት ምርጫ በተነሣ ተቃውሞ ነበር። የጀመረውን ዲግሪ ግን በደቡብ አፍሪካ ዩኒቨርሲቲ በኩል በተልእኮ ትምህርት ጨርሶ በ1943 ተመረቀ። የሕግ ዲግሪውንም ከዚያው ዩኒቨርሲቲ በ1989 ሲያገኝ እስረኛ ነበር። በ1962 ወደ አገራችን መጥቶ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰደው ይህ ሰው ዛሬ ከእኛ ሬጅስትራር ዘንድ ቢቀርብ «ጌታው፣ እንደ አዲስ ይመዝገቡ» ይባል ነበር።

ወደ ራሳችን ታሪክ ደግሞ እንመለስ። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ በ1957 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት የሚባል ደንብ ወጥቶ ነበር። ተማሪው አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ካላገለገለ ዲግሪ አያገኝም። አብዛኞቹ ያገለገሉት በማስተማር ነው። የዚያን ዘመን ወንድሞቻችን ስለ ደንቡ ብዙ ተከራክረዋል፤ ያን ክርክር እዚህ አናነሣም። አንድ ነገር ግን እናስተውል፤ ዩኒቨርሲቲው በገጠር ትምህርት ቤት የተሠራ የአንድ ዓመት ሥራ የዲግሪ ክፍል መሆኑን በደንብ አምኗል። አንድ ዓመት ያስተማረ የከተማ ልጅ ሥራው ለዲግሪው ከተቆጠረለት፣ አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማረው የስማዳ መምህር ስለ ምን «የማስተማር ልምምድ» የሚባለውን ኮርስ ተመዝግቦ፣ ከፍሎ፣ ከእርሱ በኋላ በተመረቀ ወጣት እንዲታይ ይደረጋል?

በቴክኒክና ሙያው በኩል መንግሥት ይህን ነገር ከፈታው ቆይቷል። ግንበኛው ሙያውን ከአጎቱ ይማር፣ ከኮሌጅ ይማር፣ የብቃት ምዘና ወስዶ ካለፈ ማረጋገጫውን ያገኛል። ለግንበኛ የተፈቀደው ለመምህር ለምን ተከለከለ? ሲሚንቶ ከመጽሐፍ ይበልጥ ታማኝ ሆኖ ተገኘ?

የሚቀጥለው ክርክር ስለ ኢንተርኔት ነው። አንዳንድ አለቆቻችን «ርቀት» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ወዲያው ኮምፒዩተር ይታያቸዋል፤ ፕላትፎርም፣ ቪዲዮ፣ ኦንላይን ፈተና። ጥሩ ነው፤ ለአዲስ አበባና ለባሕር ዳር ይሁን። ነገር ግን በክልላችን ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተዘግቶ እንደ ነበር ረሳነው እንዴ? በዚያ ጊዜ ትምህርቱ በሙሉ ኦንላይን የሆነ የነፋስ መውጫ ተማሪ ምን ይሆን ነበር? ወረቀት ግን አይዘጋም። በአህያ ይሄዳል፤ በአይሱዙ ይሄዳል፤ በመብራት መቋረጥ አይጠፋም። አንድ በደንብ የተጻፈ ሞጁል፣ በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ የሚመጣ አንድ ቱቶር፣ በወረዳው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አንድ ክፍል፣ ይህ ለአርብ ገበያና ለወገዳ ከማንኛውም ፕላትፎርም ይሻላል። በኢንተርኔት መማር የሚችል ይማር፤ ሳይችል የቀረ ግን ከትምህርት አይቅር።

አንዳንዱ ተማሪ «እኛ ምን አገባን? ተመድበን ገብተናል» ይላል። ገብተናል፤ ግን ስንት ሆነን? በ2014 ዓ.ም. የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4። በዚያ ጠባብ በር ያለፈ ሰው ለራሱ ሊኮራ ይችላል። የቀሩት ወንድሞቻችን ግን በአሥራ ስምንት ዓመታቸው በወሰዱት አንድ ፈተና እስከ ዕድሜ ልክ ተፈርዶባቸዋል ማለት ነውን? ሰው በሠላሳ ዓመቱ በዐሥራ ስምንት ዓመቱ ያልገባው ነገር ይገባዋል። እንዲገባው የሚያስተምሩት ልጆች፣ የሚመራው ቤት፣ የሚያነበው መጽሐፍ አለና። የተልእኮ ትምህርት የተፈጠረው ለዚህ ሰው ነው።

ስለዚህ የምንጠይቀው ሰማይ የሚያስቀድድ ነገር አይደለም። የዩኒቨርሲቲያችን ሴኔት የትኞቹ ኮርሶች ከየት ቢመጡ እንደሚቆጠሩ በሠንጠረዥ አውጥቶ ተማሪው ገንዘቡን ከመክፈሉ አስቀድሞ እንዲያየው ያድርግ። ዛሬ ተማሪው ከተመዘገበ በኋላ ነው ስንት ኮርስ እንደ ሞተበት የሚነገረው። የዝውውር ማመልከቻ ሲቀርብ መልሱ በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ይሰጥ፤ «አይቆጠርም» ከተባለም ለምን እንደማይቆጠር የትምህርት ክፍሉ መምህር ፈርሞ ይጻፍ። ሬጅስትራሩ ብቻውን የዕውቀት ዳኛ አይሁን። ኮርሱ አጠራጣሪ ከሆነ ደግሞ መፍትሔው ቀላል ነው፤ እንደ ቤተ ልሔም ይፈተን። ኮርሱን ሙሉ ሴሚስተር ድገም ከማለት የአንድ ቀን ፈተና ያስመስክር። ካለፈ ይቆጠርለት፣ ከወደቀ ይማር።

ለመምህራን ልምድም ይኸው ይሁን። ማእከሎቹም በነፋስ መውጫ፣ በአርብ ገበያ፣ በወገዳና በመካነ ኢየሱስ ይከፈቱ። የክረምቱ ፕሮግራም ደግሞ ሐምሌንና ነሐሴን ብቻ የሙጥኝ አይበል፤ ለጋይንት ሰው ከመኸር በኋላ ጥር የተሻለ ወር መሆኑን ገበሬ የሆነ አባት ያለው ሁሉ ይነግራችኋል።

ለዚህ ገንዘብ የለም እንደሚባል እናውቃለን። ክፍሉ አለ፤ ቅዳሜ ባዶ ነው። ሞጁሉ አለ፤ ትምህርት ሚኒስቴር አሳትሞታል። ቱቶሩም አለ፤ በእነዚያ ከተሞች የሚያስተምሩ የማስተርስ ዲግሪ ያላቸው የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ጥቂት አይደሉም፤ የቅዳሜ አበል ቢሰጣቸው የሚጠሉ አይመስለንም። የጎደለው የሴኔቱ ውሳኔ ነው።

በኅብረታችን በኩል ሥራውን ጀምረናል። ኮርስ የሞተባችሁ፣ ከየትኛው ተቋም መጥታችሁ ስንት ክሬዲት እንደ ተወረሰባችሁ፣ መልሱ በስንት ወር እንደ ደረሳችሁና ማን እንደ ፈረመበት ጽፋችሁ ለኅብረቱ ጽሕፈት ቤት ስጡ። ስማችሁ አይወጣም። ለክቡራን መምህራን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ አለን፤ ባለፈው ዓመት በእርስዎ ኮርስ ላይ «አይቆጠርም» ተብሎ የተመለሰውን ተማሪ ወረቀት እርስዎ አይተውት ነበር?